ሄልሜቱ ከተነቃነቀ አላደረጋችሁትም፦ የቤዝቦል መከላከያ ዕቃዎች አመራረጥና አለባበስ

«ልጄ ቤዝቦል ሊጀምር ነው፤ ምን ምን ልግዛለት?» ይህቺ ጥያቄ በየሳምንቱ ትመጣብኛለች። ወር ሳይሞላ ተከታይዋ ትደርሳለች፦ «ገዛሁለት፤ ግን አይመቸኝም ብሎ አያደርገውም።» ለየብቻ መመለሱ ሲበዛብኝ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት።

ልኩ የሆነና በደንብ የታሰረ ዕቃ ሲጫወቱበት ይረሳል። ልኩ ያልሆነ ግን ያሳክካል፣ ዓይን ላይ ይወርዳል፣ ሲሮጡ ይንሸራተታል። በሦስተኛው ቀን ሜዳ ዳር ተጥሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች አብዛኛው ወሬዬ ስለ ልክ ነው። ለልጅም ለአዋቂም ይሠራል።

አንድ ሁለት ቃል እንስማማ። ኳስ ወርዋሪውን ፒቸር፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለውን ካቸር እላለሁ። ኳስ የመታው ሰው ሯጭ ሆኖ በየተራ የሚነካቸው የሜዳው ማዕዘኖች ቤዝ ይባላሉ፤ መቺው አጠገቡ የሚቆመው ደግሞ ሆም ፕሌት ነው። የመምቻውን ዱላ ግን ዱላ ነው የምለው፤ «ባት» ብዬ ብጽፍ የእግር ባት ነው ብሎ የሚያነብ አይጠፋም።

ከምንድነው የምንከላከለው?

ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። ውስጡ ቡሽና ጎማ ነው። በላዩ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞበታል፣ ከውጭ ደግሞ ቆዳ ተሰፍቶበታል። በእጅ ሲይዙት የዋህ ይመስላል። ሲሚንቶ ላይ ጣል አድርጉትና ድምፁን ስሙት።

በአዋቂዎች ሜዳ ፒቸሩ የሚወረውርበት ቦታ ከሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ይርቃል። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ ይህን ርቀት ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በልጆች ሜዳ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ርቀቱ ግን አብሮ ያጥራል፤ ሊትል ሊግ በሚባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት የ12 ዓመት ልጆች የሚጫወቱበት ርቀት 14 ሜትር ነው። በዚያ ላይ በዱላ የተመታ ኳስ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ሊመለስ ይችላል። «አይቼ እሸሸዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለማንኛውም ተጫዋች፦
- የመቺ ሄልሜት፣ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን
- የጥርስ መከላከያ
- ለወንዶች የብልት መከላከያ (ካፕ) ከነማስቀመጫ ቁምጣው፤ ለሴቶች ለእነሱ የተሠራ የዳሌ ፊት መከላከያ
- የመያዣ ጓንት
- ታኬታ ጫማ

ለካቸር በተጨማሪ፦
- የካቸር ሄልሜት ከነፊት መከላከያው
- የጉሮሮ መከላከያ
- የደረት መከላከያ
- ጉልበትንና የእግር ጀርባን ጭምር የሚሸፍን የቅልጥም መከላከያ
- የካቸር ጓንት፤ ወፍራሙ፣ ጣቶቹ ያልተለያዩት

እንደ ቦታውና እንደ አቅም፦ ለመቺ የክርንና የእግር መከላከያ፣ ለፒቸርና ለአንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቾች የፊት መከላከያ፣ መነጽር ለሚያደርጉ የስፖርት መነጽር።

ለመለኪያ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትርና መስታወት ያዙ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሄልሜት፣ ካፕ፣ የጥርስ መከላከያ። የሚያምረው የመምቻ ጓንት መጨረሻ ላይ ይምጣ። እሱ እጅ እንዳይላጥና ዱላው እንዳይንሸራተት ነው እንጂ ከኳስ አያድንም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚለምኗችሁ ግን እሱን ነው፣ ተዘጋጁ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ሦስት ልኬት ይበቃል።

የራስ ዙሪያ፦ ሜትሩን ከቅንድብ በላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አድርጋችሁ፣ ከኋላ የራስ ቅሉ በጣም በሚወጣበት በኩል አዙሩት። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ፀጉሯን ተጎንጉና የምትጫወት ልጅ ከነጉንጉኗ ትለካ።

የደረት ቁመት (ለካቸር)፦ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት እስከ እምብርት።

የቅልጥም ቁመት (ለካቸር)፦ ከጉልበት ሎሚ መሃል እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ። ጉልበቱ ታጥፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለካ።

ከዚያ የአምራቹን የልክ ሠንጠረዥ ተመልከቱ። የአንዱ «መካከለኛ» የሌላው «ትንሽ» ሊሆን ስለሚችል ሳንቲ ሜትሩን እንጂ ፊደሉን አትመኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሲያድግ ይሆነዋል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ። ሱሪ ላይ ያዋጣል፣ ይታጠፋል። ሄልሜት አይታጠፍም። ሰፊ የደረት መከላከያም ሲጎነበሱ ወደ ላይ ይወጣና አገጭ ይመታል፤ ከሥር ደግሞ ሆድን ገልጦ ይተዋል።

ደረጃ 2፦ ሄልሜቱን በአምስት ፈተና አሳልፉት

አንድ ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ኳስ መታ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው፤ ወደ አንደኛ ቤዝ በረረ። ግማሽ መንገድ ላይ ሄልሜቱ ዞረበት። የጆሮው ቀዳዳ ዓይኑ ላይ መጥቶ በእሱ እያጮለቀ ነበር የሚሮጠው። ሁላችንም ሳቅን። ተቃራኒ ቡድን የወረወረው ኳስ ከጀርባው መጥቶ በአንድ ክንድ ርቀት አልፎት ሲሄድ ሳቁ ቆመ። ሄልሜቱ የታላቅ ወንድሙ ነበር።

ሄልሜቱን በባዶ ራስ ላይ አድርጉ። ከሥር ኮፍያ አይደረግም፤ ስፖንጁ ራስን እንዳያቅፍ ያደርጋል። ከዚያ፦

1. የቅንድብ ፈተና። ከቅንድብ እስከ ሄልሜቱ ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ጣት ይግባ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግንባር ተጋልጧል። ከዚያ በታች ከሆነ ኳሱ ሲመጣ አይታይም።
2. የጆሮ ፈተና። ቀዳዳው ከጆሮው ጋር ልክ ይግጠም። ካልገጠመ ሄልሜቱ ወይ ሰፍቷል ወይ ወደ ኋላ ተንጋሏል።
3. የቆዳ ፈተና። ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ግራና ቀኝ አዙሩት። የግንባር ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ ሰፊ ነው።
4. የመጎንበስ ፈተና። የአገጭ ማሰሪያውን ፍቱና ወደ መሬት ጎንበስ በሉ። መውደቅ የለበትም።
5. የሩጫ ፈተና። አስር እርምጃ ሩጡና በድንገት ቁሙ። ከቦታው ከተነቃነቀ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ከአምስቱ ሦስተኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲሞከር ሁሉም ሄልሜት ልክ ይመስላል፤ የሚያጋልጠው ቆዳው ነው።

ሲያደርጉት ራስን ዙሪያውን እኩል ይንካ፤ አንድ ቦታ ብቻ አይጫን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውልቁትና ግንባሩን እዩ። ቀለል ያለ ቀይ መስመር ችግር የለውም። የሚያም ጉድጓድ ከሠራ ጠባብ ነው።

አሁን ውስጡንና ጀርባውን አገላብጣችሁ እዩ። ኖክሲ የተባለው የአሜሪካ የስፖርት መከላከያ ዕቃዎች ደረጃ አውጪ ተቋም ማኅተም ወይም የአገራችሁ ተመሳሳይ ምልክት ሊኖር ይገባል። ማኅተም የሌለው ሄልሜት ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ በኳስ ተመትቶ ስለ መፈተኑ ግን ምንም ማረጋገጫ የላችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሄልሜት አትቀቡ፣ አትብሱ። አምራቹ ካልፈቀደ ተለጣፊ ምስልም አትለጥፉ። ቀለምና ሙጫ ውስጥ ያለው ኬሚካል ፕላስቲኩን ሊያደክመው ይችላል። ተለጣፊው ደግሞ ስንጥቅን ይደብቃል። የፊት መከላከያ ሽቦ ልትጨምሩ ከፈለጋችሁም ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ብቻ ግዙ። «ቀዳዳው ገጥሟል» ማለት አብሮ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር እወቁ። ሄልሜት በዋናነት የራስ ቅልን ከመሰበር ይጠብቃል። አንጎል ውስጥ ለውስጥ እንዳይናወጥ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ሄልሜት አድርጎ የተመታ ልጅም መታየት አለበት፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ደረጃ 3፦ የጥርስ መከላከያውን በአፋችሁ ልክ ቅረጹ

በሙቅ ውኃ የሚለሰልሰውን አይነት ግዙ። ሳይቀረጽ የሚደረገው አፍ ውስጥ ይንከራተታል፣ ላለመውደቅ ሁልጊዜ መንከስ ይጠይቃል፣ ልጁም ሁለተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ ኪሱ ይከተዋል።

1. ውኃ አፍሉና ከእሳት አውርዱ።
2. መከላከያውን በማንኪያ ይዛችሁ ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ንከሩት። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ከበዛ ቅርጹ ይጠፋል።
3. ስታወጡት ውኃውን አራግፉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ነከር አድርጉት። ይህን ከዘለላችሁ ድድ ይቃጠላል።
4. መስታወት ፊት የላይኛው ጥርስ ላይ አድርጉትና ንከሱ። አየሩን እየመጠጣችሁ በጣት ከውጭ፣ በምላስ ከውስጥ ተጫኑት። 20 ሰከንድ ያህል።
5. አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት።

መሞከሪያው፦ አፋችሁን ክፈቱ። ካልወደቀ ይዟል። ከዚያ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ጥርት ብሎ ከተሰማ ልክ ነው።

ጥርሱ ላይ ሽቦ ያለበት ልጅ ይህን ተራ አይነት አይጠቀም። ለሽቦ የተሠራ አለ፤ የጥርስ ሐኪሙን ጠይቁ።

ይህን ክፍል አጥብቄ የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። ፒቸር ላሟሙቅ ብዬ ያለ ፊት መከላከያ፣ ያለ ጥርስ መከላከያ ቁጢጥ አልኩ። «አምስት ኳስ ብቻ» ብዬ። ሦስተኛው መሬት ነክቶ ነጠረ። የፊት ጥርሴ ግማሹ አሁንም የሐኪም ሥራ ነው።

ደረጃ 4፦ ካፕ

ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ስለዚህ እኔው ልናገር። ሰፊው ወገን ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች ነው። ብቻውን ፓንት ውስጥ አይከተትም፤ ኪስ ባለው ጠበቅ ያለ የስፖርት ቁምጣ ነው የሚደረገው። ጠርዙ ዙሪያውን ሰውነት ላይ ይረፍ። ካላረፈ፣ ኳሱ ሲመታው ካፑ ራሱ ዱላ ይሆናል። ሁለት ሦስቴ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሡ፣ ጥቂት ሩጡ። ከዞረ ቁምጣው ሰፍቷል። የልጅ ልክና የአዋቂ ልክ ይለያያል፤ የአባትን ለልጅ ማውረስ አይቻልም። ለካቸር በምንም መንገድ አይቀርም።

ደረጃ 5፦ ጓንትና ጫማ

ጓንቱ በማይወረውሩበት እጅ ይደረጋል። ቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ግራው ላይ ያደርገዋል። ለትናንሽ ልጆች 10 ወይም 11 ኢንች ይበቃል። ትልቅ ጓንት ብዙ ኳስ ይይዛል ብላችሁ አታስቡ፤ ልጁ መዝጋት ካቃተው ኳሱ ነጥሮ ፊቱን ነው የሚያገኘው። አዲስ ጓንት ግትር ነው። ኳስ ውስጡ እየመታችሁ፣ እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ ካለዘባችሁት በኋላ ወደ ጨዋታ ይግባ።

ለልጆች የፕላስቲክ ወይም የጎማ ታኬታ። የብረት ታኬታ በብዙ የልጆች ሊጎች ክልክል ነው፤ ሲንሸራተቱ የሌላውን እግር ስለሚቀድ። የጫማ ክር ትርፉን ወደ ውስጥ ክተቱ።

ደረጃ 6፦ መቺው ሲቆም

የክርን መከላከያው ወደ ፒቸሩ በሚያየው ክንድ ላይ ነው። ቀኝ መቺ ከሆናችሁ ግራ ክንድ ማለት ነው። የእግር መከላከያም እንዲሁ የፊተኛው እግር ላይ፤ ራሳችሁ የመታችሁት ኳስ ወደ ታች ተፈናጥሮ የሚያገኘው ያንን ቅልጥምና የእግር ጀርባ ነው። ክርናችሁን አጥፋችሁ ዘርጉ። ዱላውን ስታወዛውዙ የሚይዛችሁ ከሆነ ማሰሪያውን አላሉ ወይም ዝቅ አድርጉት።

አሁን ገንዘብ የማይጠይቀው መከላከያ። ኳስ ወደ ሰውነታችሁ ሲመጣ ጀማሪ ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፦ ደረቱን ወደ ፒቸሩ ከፍቶ ወደ ኋላ ይወድቃል። ፊቱንም ደረቱንም ይሰጣል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፦

1. የፊት ትከሻችሁን ወደ ካቸሩ አዙሩ። ጀርባችሁ ወደ ፒቸሩ ይሁን።
2. አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ ቅበሩ።
3. ዱላውን ወደ ታች አውርዱ፤ እጆቻችሁን ወደ ሆዳችሁ ሰብስቡ።

ኳሱ ጀርባ ወይም መቀመጫ ላይ ያርፋል። ያማል፣ ግን ያልፋል። ይህን በቴኒስ ኳስ ተለማመዱት። ልጁ ቆሞ እናንተ በቀስታ ወርውሩበት፣ አንዴ ልኩን፣ አንዴ ሰውነቱ ላይ። ሃያ ጊዜ ከተደጋገመ ሰውነቱ ሳያስብ መዞር ይጀምራል።

ደረጃ 7፦ ካቸሩን ከታች ወደ ላይ አልብሱት

ካቸር በጨዋታ ውስጥ ከማንም በላይ በኳስ ይመታል። አለባበሱም ቅደም ተከተል አለው። ከላይ የጀመረ ሰው ደረቱ ታስሮ፣ ፊቱ ተሸፍኖ እግሩ ጋ ለመድረስ ሲታገል ታዩታላችሁ።

1. ካፑ ቀድሞ ተደርጓል።

2. የቅልጥም መከላከያ። ግራና ቀኝ አለው። የማሰሪያዎቹ መንጠቆዎች ወደ ውጭ ይሁኑ። ወደ ውስጥ ከሆኑ ሲሮጥ የአንዱ እግር መንጠቆ የሌላውን ይይዝና ይደፋዋል። የጉልበቱ ጽዋ ከጉልበት ሎሚ ጋር መግጠሙን ቆሞ ሳይሆን ቁጢጥ ብሎ አረጋግጡ። የታችኛው ክንፍ የእግሩን ጀርባ ይሸፍን። ባት ላይ የሚያልፈውን ማሰሪያ በጣም አታጥብቁ፤ ሲቀመጥ ጡንቻው ይወፍራል፣ እግሩ ይደነዝዛል።

3. የደረት መከላከያ። የላይኛው ጠርዝ የአንገት ሥር አጥንትን ይሸፍን፣ የታችኛው ሆድን። የጀርባ ማሰሪያዎቹን እኩል ሳቡ። መዳፍ በቀላሉ ከሥሩ ከገባ ላልቷል። ሁለቱንም ክንድ ከራስ በላይ አንሥቶ ያውርድ፤ መከላከያው ወደ አገጭ ከወጣ እንደገና እሰሩ። ደረት ላይ ክፍተት ካለ ኳሱ ነጥሮ ይርቃል። ሰውነት ላይ ከተጠጋ ግን ስፖንጁ ያበርደውና እግሩ ሥር ይወድቃል፤ ሯጭም አያመልጥበትም። ለልጁ የሚገባው ምክንያት ይኼኛው ነው።

4. ሄልሜትና የፊት መከላከያ። አገጭ ማረፊያው ላይ በትክክል ይቀመጥ። ዓይን በሽቦዎቹ መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት መሃል ይይ። የደረጃ 2ን የቆዳ ፈተና እዚህም ድገሙ።

5. የጉሮሮ መከላከያ። ከፊት መከላከያው ሥር የሚንጠለጠለው ትንሽ ሳህን ነው። ተፈትቶ የሚጠፋው እሱ፣ ሰው የማያስታውሰውም እሱ። በሊትል ሊግ ሄልሜቱ ሙሉ ሽፋን ያለው ቢሆንም የሚንጠለጠለው ግዴታ ነው። ካቸሩ ቀና ሲል በአገጭና በደረት መካከል የሚከፈተውን ባዶ ቦታ የሚዘጋ ሌላ ነገር የለም።

6. ጓንቱ መጨረሻ።

ከለበሰ በኋላ ባዶው እጅ ይቀራል። አብዛኛው የካቸር ጣት የሚሰበረው ባዶውን እጅ ከጓንቱ ጎን ዘርግቶ ሲቀበል ነው። ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ እጁ ከጀርባ ወይም ከቁርጭምጭሚት ኋላ ይሁን። ሯጭ ካለ ከጓንቱ ጀርባ ይጨበጥ፤ አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ ተደብቆ።

ኳስ ወደ ሰማይ ሲወጣ ደግሞ፦ መጀመሪያ ኳሱን ፈልግ፣ ካየኸው በኋላ የፊት መከላከያውን ከምትሄድበት በተቃራኒ ጣል። ቀድሞ የጣለ ካቸር ራሱ የጣለውን ረግጦ ይወድቃል።

ደረጃ 8፦ የደረት ምት፣ በተለይ ለልጆች

ኮሞሺዮ ኮርዲስ የሚባል ነገር አለ። ኳስ ደረት ላይ፣ ልክ ልቡ ላይ ያርፋል። ምቱ ከባድ ላይሆን ይችላል። አጥንት አይሰበርም። ግን የልብ ምት ዑደት ውስጥ ባለች አንዲት በጣም አጭር ቅጽበት ላይ ከገጠመ ልብ ምቷን ትስታለች፤ ልጁ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ነው፤ ደረታቸው ገና ስስ ስለሆነ። በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፣ ግን ደቂቃ የማይሰጥ ነው።

ምን ታደርጋላችሁ?

- የደረት መከላከያ ስትገዙ ለዚህ ምት ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ፈልጉ። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውድድሮች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለካቸሮች ግዴታ ነው። ማኅተሙ የሌለው ወፍራም ስፖንጅ ለዚህ አይታመንም። ያለውም ቢሆን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።
- ለትናንሽ ልጆች ለስለስ ያለውን የልምምድ ኳስ ተጠቀሙ።
- ኳስ በደረት እንዲያቆሙ አታስተምሩ። «ደረትህን ስጠው» የሚል አሰልጣኝ ካለ ጠጋ ብላችሁ አነጋግሩት።
- ዲፊብሪሌተር የሚባለው የልብ ምት መመለሻ ማሽን ሜዳው ላይ የት እንዳለ ጨዋታው ሳይጀመር እወቁ።

ልጅ ደረቱን ተመትቶ ወድቆ ካልመለሰላችሁ፣ በትክክል ካልተነፈሰ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው ብላችሁ አትጠብቁ። አንዱ የድንገተኛ እርዳታ ይጥራ፣ ሌላው ማሽኑን ያምጣ፣ ሦስተኛው ወዲያው ደረቱን መሃል ላይ መጫን ይጀምር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ማሽኑ ሲመጣ የሚለውን ተከተሉ።

ደረጃ 9፦ ፊትና ዓይን

ፒቸር ወርውሮ ሲጨርስ ሚዛኑን ገና አልያዘም፣ ለመቺው ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። አንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያሉትም ኃይለኛ ኳስ ይመጣባቸዋል። ለእነዚህ ቀለል ያለ የፊት መከላከያ ተሠርቷል። ከላይና ከታች ማየት እንደማይከለክል ሞክሩ፤ እግር ሥር ያለ ኳስ ካልታየ ማሰሪያው ልክ አይደለም። ይህ የፊት መከላከያ ሄልሜትን አይተካም፤ ሊመቱ ሲገቡ ይወልቃል፣ ሄልሜት ይደረጋል።

የዕለት መነጽር በኳስ ሲመታ ይሰበርና ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከፖሊካርቦኔት የተሠራ የስፖርት መነጽር ያስፈልጋል። አንድ ዓይኑ ብቻ በደንብ የሚያይ ልጅ ካለ ያለዚህ መነጽር ሜዳ አይግባ።

ደረጃ 10፦ መቼ መቼ ይደረጋል?

«ጨዋታ ሲጀመር» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ኳስ ወይም ዱላ በእንቅስቃሴ ላይ ካለ ዕቃው ሰውነት ላይ ይሁን።

- ተራውን የሚጠብቀው መቺ ሄልሜት ያደርጋል። አጠገቡ ሌላ ሰው ዱላ እያወዛወዘ ነው።
- ሯጭ ወደ መቀመጫው እስኪመለስ አያወልቅም። ነጥብ አግብቶ በደስታ ሄልሜት መወርወር የተለመደ ነው፤ ኳሱ ግን ገና እየተወረወረ ሊሆን ይችላል።
- ፒቸር የሚያሟሙቅ ሰው፣ ተቀያሪም ይሁን አባት፣ የፊት መከላከያ ያደርጋል። ጥርሴን አስታውሱ።
- ቤዝ አጠገብ የሚቆም አሰልጣኝም ሄልሜት ያደርጋል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከዋናው ሊግ በታች ባለ ውድድር አንድ የአንደኛ ቤዝ አሰልጣኝ በተመታ ኳስ ሕይወቱ አልፏል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋናው ሊግ የቤዝ አሰልጣኞች ሄልሜት እንዲያደርጉ ተወስኗል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

የአገጭ ማሰሪያውን ፈትቶ ማንጠልጠል። የሄልሜቱን ስፖንጅ «ይሞቃል» ብሎ መንቀል፤ ያለ ስፖንጅ የቀረው ሳፋ ነው። የጥርስ መከላከያን እያኘኩ ማሳጠር። የቡድኑን አንድ ሄልሜት ለስድስት ልጅ ማዘዋወር፤ አንዱ ላይ ልክ ከሆነ አምስቱ ላይ አይሆንም። ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ሄልሜት መግዛት። ጓንትና ጫማ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፤ ሄልሜት ግን ከዚህ በፊት ምን እንደመታው ፊቱ ላይ አይነበብም።

ሌላው የወላጅ ስህተት ነው፦ ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጨዋታ ቀን ማልበስ። ከሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ያድርገው፤ ቴሌቪዥን እያየም ቢሆን።

ልጁ ከተመታ

ራሱን ከተመታ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። «ደህና ነኝ» ማለቱ አይበቃም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ብርሃን መጥላት፣ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም የአንጎል መናወጥ ምልክቶች ናቸው። ሐኪም ይየው። ካስታወከ፣ እያንቀላፋ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጉሮሮውን ተመትቶ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረውም እንደዚሁ። እብጠቱ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወጣ ነጩን ጫፍ ብቻ ያዙ፣ ሥሩን አትፈትጉ። ወተት ውስጥ ክተቱትና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ጋ ለመድረስ ሞክሩ። ከፈጠናችሁ የመመለስ ዕድል አለው።

ደረጃ 11፦ አያያዝና የመጣያ ጊዜ

ከጨዋታ በኋላ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ታጭቆ አይደር። አውጥታችሁ ጥላ ላይ ዘርጉት። ለብ ያለ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል፤ በረኪናና ቤንዚን አይነካውም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ አትተዉት። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያደርቃል፣ የስፖንጁን ሙጫ ያላቅቃል።

በወር አንዴ ሄልሜቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ በጣት ዳስሱት። ጆሮው አካባቢና የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ላይ አተኩሩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስፖንጁን ተጫኑና ልቀቁ። ካልተመለሰ ሥራውን ጨርሷል። የፊት ሽቦው ከተጣመመ መልሳችሁ አታቅኑት፤ ቀይሩት።

የተሰነጠቀ ሄልሜት በሙጫ አይጠገንም። ስትጥሉትም እንዳለ አትጣሉት፤ ሌላ ልጅ አንሥቶ ያደርገዋል። ስፖንጁን ንቀሉ፣ ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡ፣ ከዚያ ይሂድ።